መልስ፦ ሞርጌጅ ብሮከር ልያዝ ወይስ ባንኬ ልሂድ?

እህቴ፣ ሜሪላንድ የመጀመሪያ ቤትሽን ልትገዢ ስለሆነ ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ብሮከር፣ ማለትም ከተለያዩ አበዳሪዎች ብድር የሚያፈላልግ ደላላ፣ ይሻላል ወይስ የራሴ ባንክ ብለሻል። እኔ ብሆን ሁለቱንም እጠይቃለሁ።

ደመወዝተኛ ከሆንሽና ክሬዲትሽ (የብድር ታሪክሽ) ጥሩ ከሆነ ባንክ ወይም ክሬዲት ዩኒየን ብዙም አያንገላታሽም። ኡበር የምትነጂ ወይም የራስሽ ሥራ ያለሽ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። አበዳሪ በዋናነት የሚያየው ወጪ ተቀንሶ ታክስሽ ላይ የቀረውን ገቢ ነው። ታክስ ለመቀነስ የምንደረድረው ወጪ ሁሉ ዞሮ የሚመጣብን እዚህ ጋ ነው! እንዲህ ያለውን ፋይል ማን እንደሚቀበል የሚያውቅ ጎበዝ ብሮከር ያኔ ይጠቅማል።

ብሮከሩ "ለአንቺ ነፃ ነው" ካለሽ ግን ጠርጥሪ። በሕጉ ወይ ከአንቺ ወይ ከአበዳሪው ነው የሚከፈለው፣ ከሁለቱም አይችልም። አበዳሪው ሲከፍለው ብዙ ጊዜ ወለዱ ላይ ይታሰባል። ስለዚህ ከባንኩም ከብሮከሩም በአንድ ቀን ሎን ኢስቲሜት (የብድሩን ወለድና ወጪ የሚዘረዝር ቅጽ) አስወጪ፤ ማመልከቻው በገባ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ መላክ ግዴታቸው ነው። ወለዱን ካየሽ በኋላ ሁለተኛው ገጽ ላይ "ኤ" የሚለውን ክፍል አወዳድሪ፤ የአበዳሪው የራሱ ክፍያ እዚያ ነው። አበዳሪው ለብሮከሩ የሚከፍለው ግን እዚያ ላይ አይታይም፤ ስንት እንደሆነ ፊት ለፊት ጠይቂው።

ክሬዲቴ ይወርዳል ብለሽ አትስጊ። በ45 ቀን ውስጥ የተደረጉ የሞርጌጅ ጥያቄዎች እንደ አንድ ይቆጠራሉ።

የአገር ልጅ ነው ብለሽም ዝም ብለሽ አትፈርሚ። የብሮከሩን ፈቃድ ኤንኤምኤልኤስ (NMLS፣ የሞርጌጅ ባለሙያዎች ፈቃድ መዝገብ) ድረ ገጽ ላይ በስሙ ፈልጊ፣ በነፃ ነው።