ለኦፕን ሶርስ የሚሰጥ ጉልበት ሥራ ያስገኛል ወይ?

ውድ ጠያቂያችን፣

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂ ተማሪ መሆንዎን፣ በትርፍ ጊዜዎም ፒያሳ አካባቢ ለሚገኝ አነስተኛ ድርጅት ሶፍትዌር እንደሚሠሩ ገልጸው ሁለት ጥያቄዎች አቅርበዋል። አንደኛው ኦፕን ሶርስን፣ ማለትም ኮዱ ማንም እንዲያየው፣ እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው ክፍት የሆነ ሶፍትዌርን፣ በተመለከተ የክፍል ጓደኞችዎ «ኦፕን ሶርስ ለሀብታም ኩባንያዎች በነጻ ማገልገል ነው» የሚሉት እውነት እንደሆነ፣ ሁለተኛው ለድርጅቱ የጻፉትን ኮድ ለሕዝብ ክፍት ማድረግ ይችሉ እንደሆነ ነው።

ጓደኞችዎ ኩባንያዎቹ ለጽድቅ እንደማይሠሩ መገመታቸው ልክ ነው፤ የሚሳሳቱት ሥራውን ሁሉ በነጻ የሚሠራ ሰው አለ ብለው ሲያስቡ ነው። ሊኑክስ የተባለውን ክፍት የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ቢሆንም፣ ዛሬ ወደ ከርነሉ (ወደ ሥርዓተ ክወናው እምብርት) ከሚገቡት ለውጦች አብዛኞቹን የሚጽፉት ከኢንቴል፣ ከሬድ ሃት፣ ከጉግልና ከመሰል ድርጅቶች ደመወዝ የሚከፈላቸው ባለሙያዎች ናቸው። አንድ የቺፕ አምራች ምርቱ በሊኑክስ ላይ እንዲሠራ የሚያደርገውን ኮድ ለብቻው ይዞ ቢቀመጥ፣ አዲስ ቅጂ በወጣ ቁጥር እንደገና ማስማማት ግድ ይሆንበታል፤ በዋናው ፕሮጀክት ውስጥ ካስገባው ግን ሌሎች ሲያሻሽሉ የእርሱንም ክፍል አብረው ያስተካክሉለታል። ይህ እንዲሳካ በማኅበረሰቡ ዘንድ የሚታወቅና ቃሉ የሚሰማለት ሰው ያስፈልገዋል፤ እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀጠረው እዚያው ሲሠራ ታይቶ ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2019 ሊኑክስን ለድርጅቶች የሚያቀርበውን ሬድ ሃትን በ34 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲገዛ የምርቶቹ ኮድ አስቀድሞም ክፍት ነበር፤ ያን ያህል ዋጋ ያወጣው ኮዱን የሚያውቁት ሰዎችና የደንበኞቻቸው አመኔታ ነው ብዬ እረዳለሁ።

ስጋታቸው እውነት የሚሆንበት ቦታም አለ። የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚያመሰጥረው ኦፕንኤስኤስኤል ስፍር ቁጥር በሌላቸው ተቋማት ሲሠራበት፣ የሚንከባከቡት ግን በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። ሊኑክስ ፋውንዴሽን ትልልቆቹን ኩባንያዎች አሰባስቦ ገንዘብ ያስዋጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ሃርትብሊድ የተባለው አደገኛ ክፍተት ከተገኘ በኋላ ነው።

ስለዚህ ፕሮጀክት ሲመርጡ ከፕሮግራሚንግ ቋንቋው አስቀድመው ማን እንደሚወስንበት ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመውና ብዙ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶችን የሚያስተዳድረው የአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን አባላት ግለሰቦች ናቸው፤ ኩባንያ ድጋፍ መስጠት ይችላል፣ በገንዘቡ ግን ድምፅ አይገዛም፤ እርስዎም በሥራዎ ያገኙት ኃላፊነት መሥሪያ ቤት ቢቀይሩ አብሮዎት ይሄዳል። አንድ ኩባንያ ብቻውን የሚያዝበት ፕሮጀክት ግን ሌላ ነው። ሃሺኮርፕ እ.ኤ.አ. በ2023 ሰርቨሮችንና መሰል መሠረተ ልማትን በኮድ ለማዘጋጀት የሚያገለግለውን የቴራፎርምን የአጠቃቀም ፈቃድ ሲያጠብቅ፣ ለውጡን ያልተቀበሉ ወገኖች የቀድሞውን ኮድ ይዘው ኦፕንቶፉ የተባለ ሌላ ፕሮጀክት መሥርተዋል። በእንደዚህ ዓይነት ፕሮጀክቶች አበርካቾች አስቀድመው የሚፈርሙት ስምምነት ኩባንያው ኮዳቸውን በሌላ ፈቃድ እንዲያወጣ መብት ሊሰጠው ስለሚችል፣ ሳያነቡ አይፈርሙ። የሊኑክስ ከርነል በአንጻሩ ኮዱን የማቅረብ መብት እንዳለዎት በስምዎ እንዲያረጋግጡ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ለእርስዎ የማስቀድመው ዲኤችአይኤስ2ን ነው። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚለማ የጤና መረጃ ሥርዓት ሲሆን የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴርም ይገለገልበታል። ዩኒቨርሲቲዎ እ.ኤ.አ. በ1954 የተጀመረው በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት ነውና የጤና መረጃ የሚያጠናቅሩ ባለሙያዎች በዙሪያዎ አሉ፤ የትኛው ገጽ እንደሚያስቸግራቸው አጠገባቸው ተቀምጦ መረዳት ኦስሎ ላለ ፕሮግራመር ከባድ፣ ለእርስዎ ግን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ችግሩ እንዴት እንደሚፈጠር ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ ጥርት ያለ ሪፖርት ራሱ አስተዋጽኦ ነው፤ ጃቫውና ጃቫስክሪፕቱ ከዚያ ይከተላል። መብራትና ኔትወርክ መቆራረጡም እንደሚፈሩት አያግድዎትም፤ የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት የተባለው መሣሪያ ሙሉውን የኮድ ታሪክ በኮምፒውተርዎ ላይ ስለሚያስቀምጥ ያለ ኢንተርኔት ሠርተው፣ መስመር ሲመጣ መላክ ይችላሉ።

አንድ ነገር ግን ይጠብቅዎታል። ያቀረቡት ለውጥ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ «ይህ አይሆንም፣ እንደገና ጻፈው» ይባላል። በይሉኝታ ላደግን ለእኛ በአደባባይ እንዲህ መባል ያስደነግጣል፤ እዚያ ግን የዘወትር አሠራር ነው፣ ነባሮቹም ኮዳቸው እንዲሁ ይመለስባቸዋል። እርማቱን ተቀብለው በትሕትና የመለሱበት፣ ወይም በማስረጃ የተከራከሩበት ጽሑፍ ተመዝግቦ ስለሚቀር፣ ቀጣሪ ከዲግሪዎ ይልቅ እርሱን ሊያነብ ይችላል። በሲቪዎ ላይም «የኦፕን ሶርስ ተሳታፊ» ከማለት ተቀባይነት ያገኘ አንድ ለውጥ ከነአድራሻው፣ ምን ችግር እንደፈታ በሁለት መስመር ቢያስቀምጡ ይበልጣል።

ገንዘብ ለሚያሳስብዎት፣ በክፍያ የሚሠራባቸው መርሐ ግብሮች አሉ። ጉግል ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያካሂደው ሰመር ኦፍ ኮድ ከ2022 ወዲህ ተማሪ ላልሆኑ ጀማሪዎችም ክፍት ሆኗል፤ አውትሪቺ ደግሞ ከቤት ሆነው የሚሠሩት የሦስት ወር ልምምድ ሲሆን 7,000 ዶላር ይከፍላል። ሁለቱም ከማመልከቻው በፊት ወይም ጎን ለጎን ከፕሮጀክቱ ሰዎች ጋር መሥራትን ስለሚፈልጉ፣ ማስታወቂያ እስኪወጣ መጠበቅ አያዋጣም። ክፍያው በምን መንገድ እንደሚደርስዎት ግን ከባንክዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመጣ መልሴ አጭር ነው፦ በራስዎ ፈቃድ አይልቀቁት። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ተቀጥረው በሥራዎ ላይ የፈጠሩት ሥራ፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪዎ ነው። ነገር ግን ሥራ አስኪያጅዎን መጠየቅ ይችላሉ። ሙሉውን ሥርዓት ሳይሆን ለድርጅቱ ምስጢር ያልሆነውን ክፍል፣ ለምሳሌ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ከጎርጎርዮሳዊው ጋር የሚያቀያይረውን ኮድ፣ ለይተው ያቅርቡላቸው። ሌሎች ስህተቱን እያገኙ እንደሚያርሙት፣ የድርጅቱም ስም አብሮ እንደሚታወቅ ያስረዱ። በማናቸውም መልኩ ሊጠቀሙበት ለሚፈልጉ ሁሉ ይሁን ካሉ የኤምአይቲ ወይም የአፓቺ ፈቃድ፣ ኮዱን ይዞ አሻሽሎ የሚያሠራጭ ሁሉ ምንጩንም ክፍት እንዲያደርግ ከፈለጉ የጂፒኤል ፈቃድ ይስማማል። የደንበኛ መረጃም ሆነ የይለፍ ቃል በኮዱ ታሪክ ውስጥ እንዳልቀረ ፈትሸው፣ የአሠሪዎን ይሁንታ በጽሑፍና በማኅተም ካገኙ በኋላ ብቻ ይልቀቁት።