ዴስሞፕረሲን፣ ውኃና ሶዲየም፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ልጄ ሌሊት አልጋ ላይ ስለሚሸና ዴስሞፕረሲን የሚባል እንክብል ታዘዘለት። ሽንት የሚቀንስ መድኃኒት ምን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል?

መልስ፦ ጉዳቱ የሚመነጨው ከራሱ ከመድኃኒቱ ሥራ ነው። ዴስሞፕረሲን የቫሶፕረሲን ሆርሞን አምሳያ ሲሆን ኩላሊት ውኃን ወደ ደም እንዲመልስ ያደርጋል፤ በዚያ ሰዓት ብዙ የጠጣ ሰው ውኃው መውጫ ስለሚያጣ የደሙ ሶዲየም (ከጨው የሚገኘው ንጥረ ነገር) ይቀጥናል። ጤናማው መጠን ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል በሊትር ነው። በፍጥነት ሲወርድ የአንጎል ሕዋሳት ውኃ ስበው ስለሚያብጡ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መደናገር፣ ሲብስም መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ይከተላል። ስለዚህ እንክብሉ ከመወሰዱ 1 ሰዓት በፊት ጀምሮ ከተወሰደ በኋላ እስከ 8 ሰዓት ድረስ ፈሳሽ ይገደብ፤ ትኩሳት፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ ከያዘው እስኪሻለው ድረስ አይስጡት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በአፍንጫ የሚነፋው ዓይነት ለዚህ ችግር እንዳይውል በ2007 እ.ኤ.አ. የወሰነው በዚሁ አደጋ ምክንያት ነው።

ሌላ አባል፦ ይህ የተጋነነ ነው። እኔ ይህንኑ መድኃኒት ለዓመታት ስወስድ ሐኪሜ «ሲጠማህ ጠጣ» እንጂ «ገድብ» አላለኝም።

የልጁ እናት፦ ታዲያ የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም፤ ሕመሙ ግን አንድ አይደለም። ወንድማችን የሚወስዱት ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢያቸው ቫሶፕረሲን ስለማይለቅ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥባቸው በሽንት ብዛት ውኃቸው ያልቃል፤ እርሳቸው በራሳቸው ፈቃድ ፈጽሞ ሊያቆሙት አይገባም፣ ሲታመሙም ፈጥነው ሐኪማቸውን ያማክሩ። የአንዱን ሕመምተኛ መመሪያ ለሌላው ማውረስ ነው እዚህ ሰው የሚጎዳው።

ጥያቄ፦ የሆርሞን መድኃኒት አደገኛ ነው?

መልስ፦ የትኛው ሆርሞን፣ ለማን፣ በምን መጠን? እንዲህ ለተጠየቀ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ ፕሬድኒሶሎን ጀምሬ እግሬ አበጠ።

መልስ፦ ፕሬድኒሶሎን የስቴሮይድ ዓይነት መድኃኒት ነው፤ በሰውነት ውስጥ ጨውና ውኃ ሊይዝ፣ የደም ግፊትም ሊያስነሳ ይችላል። ሐኪምዎ ይየው፤ በድንገት ግን አያቁሙት።

ጥያቄ፦ እናቴ 70 ዓመታቸው ነው፤ ለሌሊት ሽንት ዴስሞፕረሲን ታዘዘላቸው፣ የግፊትና የድባቴ መድኃኒትም ይወስዳሉ።

መልስ፦ ከሁሉም ያሳሰበኝ ይህ ነው። ዕድሜ ብቻውን አደጋውን ያበዛል፤ የግፊቱ መድኃኒት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ የድባቴው ደግሞ እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ ከሆነ ሁለቱም ሶዲየም ስለሚያወርዱ መድኃኒቶቹ ይደራረባሉ። ያዘዘው ሐኪም ሁሉንም ያውቅ እንደሆነ ዛሬውኑ ይጠይቁ። ሶዲየማቸው ሳይጀምሩ፣ በመጀመሪያው ሳምንትና ወር ገደማ ሲሆን ይመርመር፤ ከተደናገሩ «እርጅና ነው» ተብሎ አይታለፍ።

ጥያቄ፦ ልጄ እንክብሉን ከዋጠ በኋላ ጠማው፤ አንድ ጠርሙስ ውኃ ልስጠው?

መልስ፦ ከላይ ተጽፏል። ጥም ማስታገሻ ጥቂት ጉንጭ ይበቃዋል፤ ጠርሙስ አይሆንም።