ፒኤምፒ ልመዝገብ ወይስ ሳይት ላይ ልማር?

ጥያቄ፦ በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ ካዛንቺስ አካባቢ በአንድ ሕንፃ ሳይት እሠራለሁ። ፕሮጀክት ማኔጅመንት መማር እፈልጋለሁ። አሁኑኑ ለፒኤምፒ (ለፕሮጀክት ማኔጅመንት የሙያ ምስክር ወረቀት ፈተና) ልመዝገብ?
ጀማሪ መሐንዲስ

መልስ፦ ይቆይ። ባለዲግሪ ለፈተናው ለመቀመጥ የ36 ወር ፕሮጀክት የመምራት ልምድ ይጠየቃል።

እስከዚያው ከአንድ የሶሌታ (የአርማታ ወለል) ሙሌት ይጀምሩ። ስፋቱ 200 ካሬ ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 30 ሜትር ኩብ አርማታ ይፈልጋል፤ 5 በመቶ ብክነት ሲታከልበት 31.5። ባለ 6 ሜትር ኩብ ሚክሰር መኪና ከሆነ ስድስት ምልልስ ነው፤ አምስት ብቻ ያዘዘ ሰው መጨረሻ ላይ ለጥጉ አርማታ ይጎድለዋል።

ከዚያ ከሙሌቱ ቀን ወደ ኋላ ይቁጠሩ፦ የኮንሳልታንቱ ፍተሻ፣ የላይኛው ፌሮ፣ የኤሌክትሪክ ቱቦ፣ የታችኛው ፌሮ፣ ካሳፎርማ (አርማታው የሚፈስበት ቅርጽ)። አብዛኛውን ጊዜ የሚረሳው ቱቦው ነው። ኤሌክትሪሻኑ በጊዜ ካልተነገረው የታሰረ ፌሮ ይፈታል፤ ሲብስም የደረቀ ሶሌታ ይቦረቦራል።

መሃል ከተማ ላይ የከባድ መኪና መግቢያ ሰዓትና መቆሚያ ቦታ አስቀድሞ ካልተያዘ ምልልሱ ይቆራረጣል። ቀድሞ የፈሰሰው አርማታ መጠንከር ከጀመረ በኋላ አዲስ ሲደረብበት መጋጠሚያው ደካማ ይሆናል፤ ውሃም ያሳልፋል።

ይህንን ሁሉ በየሳምንቱ በሚታደስ የሦስት ሳምንት ዕቅድ ላይ ያስፍሩ፤ ሳይሠራ ከቀረው ሥራ ጎን ምክንያቱን ይጻፉ። የዕለት መዝገብም ይያዙ፦ የሠራተኛ ብዛት፣ የገባ ዕቃ፣ ዝናብ ሥራ ያስቆመበት ሰዓት። የጊዜ ማራዘሚያ ሲጠየቅ ማስረጃው እሱ ነው። የቀን ግምቱን ግን ፎርማኑን ሳይጠይቁ አይሙሉ።