ለመጋዘንና ለሱቅ መመዝገቢያ፦ ቪፒኤስ ወይስ የግል ክላውድ?

ጤና ይስጥልኝ። የኮምቦልቻውን መጋዘንና የደሴውን ሱቅ የሚያገናኘው የንብረትና የሂሳብ መመዝገቢያ በቪፒኤስ ላይ ይቀመጥ ወይስ በግል ክላውድ ብለው ለጠየቁት፣ በእኔ አስተያየት ለአሁኑ ቪፒኤስ ይበቃዎታል።

ቪፒኤስ (ቨርቹዋል ፕራይቬት ሰርቨር) አንድ ሰርቨር፣ ማለትም ለሌሎች ኮምፒውተሮች አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒውተር፣ እንደ ኬቪኤም ባለ ሶፍትዌር ተከፋፍሎ ለብዙ ደንበኞች የሚከራይበት አሠራር ሲሆን፣ እያንዳንዱ ተከራይ የራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቢኖረውም ፕሮሰሰሩንና ዲስኩን ከማያውቃቸው ጎረቤቶች ጋር ስለሚጋራ፣ አንዱ ሥራ ሲያበዛ የሌላው ሊንቀራፈፍ ይችላል፤ ሰርቨሩ ከተበላሸም ሁሉም አብረው ይቆማሉ። የግል ክላውድ ግን ለአንድ ድርጅት ብቻ የተመደቡ ሰርቨሮች እንደ ኦፕንስታክ ወይም ፕሮክስሞክስ ባለ ሶፍትዌር ተጣምረው የሚሠሩበት ስለሆነ፣ አንዱ ሲወድቅ ሥራው በሌላው ላይ እንደገና እንዲነሳ ማድረግ ይቻላል። ለዚህም በተለምዶ ቢያንስ 3 ሰርቨሮች፣ የጋራ የዳታ ማከማቻና ይህን ሁሉ የሚከታተል ባለሙያ ያስፈልጋሉ። ለመጋዘንና ለአንድ ሱቅ ይህን መሸከም፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ወጪ ፍለጋ ነው።

ይልቁንም የሚያሳስበኝ የኢንተርኔት መስመሩ ነው። መስመር ሲቋረጥ በሩቅ ያለ ሰርቨር፣ ቪፒኤስም ሆነ ክላውድ፣ እኩል አይደረስበትም፤ ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት መዝግቦ፣ መስመር ሲመለስ የሚያመሳስል ሶፍትዌር ይምረጡ። መጠባበቂያ ቅጂውንም እዚያው አከራይ ዘንድ ብቻ አያስቀምጡ።

የደንበኞችን ስምና ስልክ የሚመዘግቡ ከሆነ፣ ውል ከመፈረምዎ በፊት ሰርቨሩ በየት አገር እንዳለ ይጠይቁ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ንም ያንብቡ።