ማሳው ለምልሞ አጋዘኑ የት ገባ?

ወንድሜ፣ አጋዘን ለመሳብ ክሎቨር የሚባለውን ቅጠላማ መኖ የዘራህበት ማሳ ለምለም ሆኖ ሳለ፣ የአደን ወቅት ሲገባ ነጭ ጅራት አጋዘኖቹ በቀን ዝር እንደማይሉ ጽፈሃል። ችግሩ ከዘሩ ይሆን ብለህም ጠይቀሃል። ዘሩን ተወው። እንደኔ ግምት አጋዘኖቹ ኦክ ዛፍ ስር ናቸው።

እኔም እንዳንተው ማሳ ዳር ማማ ላይ ተቀምጬ ሁለት ወቅት ሙሉ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ። በሁለተኛው ዓመት ማሳውን ትቼ ጫካውን ስዞር፣ ሁለት መቶ ሜትር እንኳ ሳልርቅ አንድ ነጭ ኦክ አገኘሁ። ስሩ ያለው ቅጠል ተጭሮ ተገለባብጧል። የፍሬው ቆብ ተራግፎ ቀርቷል፤ ፍሬው የለም። አጠገቡ ገና ያልደረቀ በጠጥ አለ። ለካ እኔ ማሳ ስጠብቅ እነሱ እዚህ ይበሉ ነበር!

የነጭ ኦክ ፍሬ ታኒኑ (የሚያመረው ንጥረ ነገር) አነስተኛ ስለሆነ ብዙም አይመርም። መስከረምና ጥቅምት ላይ መርገፍ ሲጀምር ምርጥ የተባለው ማሳ እንኳ አይወዳደረውም። የቀይ ኦክ ፍሬ ለመድረስ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል፣ ይመርራልም። ስለዚህ በብዛት የሚበላው የነጩ ሲያልቅ ነው። ዛፎቹ በየዓመቱ እኩል አያፈሩምና ከአደኑ በፊት ቅርንጫፎቹን በባይኖኩላር አይተህ የትኛው እንዳፈራ ለይ።

ቀንበጦችንም እይ። አጋዘን የላይኛው የፊት ጥርስ ስለሌለው ቀንበጡን ይገነጥለዋል፤ ጫፉ የተቦጫጨቀ ሆኖ ይቀራል። በቢላ እንደተቆረጠ ጥርት ካለ ግን የበላው ጥንቸል ነው።

ማሳው አይጠቅምም ማለቴ ግን አይደለም። መሃሉ ላይ ትንሽ ቦታ በሽቦ አጥረህ ተወው። ከሽቦው ውጭ ያለው ክሎቨር ከውስጡ ካጠረ እየመጡ ነው፣ ምናልባት በሌሊት። እኩል ከሆነ ግን እየበሉት አይደለም። አፈሩንም አስመርምር፤ ክሎቨር ፒኤቹ (የአፈሩ የአሲድነት መለኪያ) ከ6 እስከ 7 ሲሆን ይስማማዋል። አሲዳማ ከሆነ ኖራ ያስፈልገዋል፣ ኖራው ደግሞ ለመሥራት ወራት ይፈልጋል። ለብርዱ ወቅት ተርኒፕ የሚባለውን ሥራሥር ጨምርበት፤ ውርጭ ሲመታው ይጣፍጣል።

በቆሎ መሬት ላይ ደፍተህ ለመጥራት ግን አታስብ። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የተከለከለ ወይም የተገደበ ነው። ያልለመዱትን እህል በብዛት ሲበሉ ሆዳቸው በአሲድ ይታወካል፣ ሊሞቱም ይችላሉ። አንድ ክምር ላይ ሲሰበሰቡ ደግሞ አንጎላቸውን የሚያጠፋው CWD የሚባል በሽታ በምራቃቸው ይተላለፋል።

ከሁሉ በላይ የምለምንህ የነፋሱን ነገር ነው። ነፋሱ ሽታህን ይዞ ከአንተ አጋዘኖቹ ወደሚመጡበት የሚነፍስ ከሆነ ያን ቀን ማማው ላይ አትውጣ። ሲመሽ ማሳው ላይ እየበሉ ከሆነ ደግሞ ራሳቸው እስኪሄዱ ጠብቅ እንጂ አትውረድ። እኔ ቸኩዬ የወረድኩ ዕለት አንዲት ሴት አጋዘን አየችኝና አንኮራፍታ መንጋውን ይዛው ጠፋች። ከዚያ በኋላ ማሳው ላይ በቀን ያየኋቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።