አሜባ ፍለጋ ወደ ዓባይ ዳር ለምትወርዱ

ልጆቼ፣

እኛ ዘንድ «አሜባ» ሲባል ሰው ሁሉ ትዝ የሚለው የሆድ ቁርጠት ነው። እናንተ ግን ከመነሻው ለዩት። የሆዱ አሜባ አንጀት ውስጥ ኖሮ በሰገራ ይተላለፋል። የምጽፍላችሁ ስለ ሌላው፣ በውኃና በጭቃ ውስጥ ባክቴሪያ እየበላ ራሱን ችሎ ስለሚኖረው ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ሰው የሚጎዳው ጥቂቱ ነው። አካንታሜባ በተለይ ኮንታክት ሌንስ የሚያደርጉ ሰዎችን ዓይን ያቆስላል። ኔግለሪያ ፎውለሪ የሚያመጣው፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ የተዘገበው የአንጎል በሽታ ደግሞ እምብዛም አይከሰትም፤ ከተከሰተ ግን በቀናት ውስጥ ይገድላል። ያለበትን ውኃ መጠጣት አያሳምምም፤ የሚገባው በአፍንጫ ነው። ስለዚህ ናሙና የሚቀዳው ልጆች ከሚዋኙበት፣ ሰው ፊቱን ከሚታጠብበት ቦታ ነው።

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፤ ብቻችሁን አትውረዱ፣ ማለዳና ምሽትንም ተውት። ባዶ እግር ውኃ ውስጥ መግባት የለም፤ ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ቦቲና ረጅም ጓንት አድርጉ።

ከውኃው ገጽ አንድ ሊትር ቀድቶ መመለስ አይበቃም። አሜባው ምግቡ ካለበት አይርቅም፦ ድንጋይ ላይ ባለው ልጋግ፣ በእምቦጭ ሥር፣ በጭቃው የላይኛ ስስ ንጣፍ። ንጹሕ በሆነ ጠርሙስ 1 ሊትር ውኃ፣ በሌላ ዕቃ ደግሞ ጭቃውን ለብቻ ውሰዱ። የውኃውን ሙቀትና ሰዓቱን እዚያው ቆማችሁ ጻፉ። ለኮሊፎርም (የሰገራ ብክለት ለሚጠቁም ባክቴሪያ) ምርመራ የለመዳችሁትን የበረዶ ሳጥን ግን እዚህ እርሱት። ቅዝቃዜ ኔግለሪያን ይገድላል። ፀሐይ በማይነካው ቦታ፣ በክፍል ሙቀት አምጡትና በማግሥቱ ሳይሆን በዕለቱ ሥሩት።

በክረምት ርብና ጉማራ አፈር ተሸክመው ወደ ጣና ሲገቡ ናሙናውን የምታጣሩበት፣ ቀዳዳው 0.45 ማይክሮሜትር የሆነ ማጣሪያ ጥቂት ውኃ አሳልፎ ይደፈናል። ያኔ ፓምፑን ማስጨነቅ ትርፉ አሜባውን መግደል ነው። ቀዳዳው 1.2 ማይክሮሜትር የሆነ ማጣሪያ ተጠቀሙ፤ ወይም በ50 ሚሊሊትር ቱቦ እየከፈላችሁ በሴንትሪፊዩጅ (በፍጥነት በሚያሽከረክር ማሽን) አዘቅጡት። ማጣሪያው እስኪደርቅ አትሳቡ፣ ጥቂት እርጥበት ሲቀረው አቁሙ። ስንት ሚሊሊትር እንዳለፈም መዝግቡ፤ 150 አሳልፎ «1 ሊትር» ብሎ መጻፍ ውሸት ነው።

አሜባውን የምታሳድጉበት አጋር (እንደ ጄሊ የሚረጋ ማሳደጊያ) ምግብ የሌለው ይሁን፦ በ1 ሊትር የፔጅ ጨው ውኃ (ለአሜባ የሚስማማ ቀጭን የጨው ውሕድ) 15 ግራም አጋር። በምግብ አጋር ላይ የወንዝ ባክቴሪያና ሻጋታ በሁለት ቀን ሁሉን ይውጠዋል። የፔጅ ጨው ውኃ በሊትር 4 ሚሊግራም ማግኒዥየም ሰልፌት ይፈልጋል፤ ይህን በተራ ሚዛን መመዘን አይቻልም። 400 ሚሊግራሙን በ1 ሊትር አሟሙታችሁ ከዚያ 10 ሚሊሊትር ጨምሩ። በውስጡ የሚገባውን ካልሲየም ከፎስፌቱ ጋር በአንድ ወፍራም ድብልቅ አታስቀምጡ፣ ይረጋል።

ኦቶክሌቩን (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድለውን ማሽን) ከመጽሐፍ ላይ በተገኘ ቁጥር ብቻ አትመኑ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ እዚህ መለኪያው 15 ፒኤስአይ ሲል ውስጡ 121 ዲግሪ አልደረሰም። ወደ 18 መጠጋት አለበት። አጋራችን ለምን ይሻግታል ብላችሁ ስትጨነቁ መጀመሪያ የምታዩት ይህን ነው።

አጋሩ ላይ ለአሜባው ምግብ እንዲሆን በሙቀት የተገደለ ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ በስሱ ቀቡ፣ ማጣሪያውን በፊቱ ደፍታችሁ አስቀምጡ። አንዱን ሳህን 30 ዲግሪ፣ ሌላውን 44 ዲግሪ ላይ አድርጉ። በ44 አጋር ቶሎ ይደርቃል፤ ጠርዙን በፓራፊልም (በሚለጠጥ ስስ ማሸጊያ) አሽጉና እርጥብ ጥጥ ካለበት ከረጢት ውስጥ ክተቱ። መብራት በሄደ ቁጥር ኢንኩቤተሩ (ሳህኖቹን በሙቀት የሚይዘው ሳጥን) ስለሚቀዘቅዝ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት የሚይዝ ቴርሞሜትር ውስጡ ይኑር።

ከዚያ እስከ 14 ቀን በየዕለቱ ማይክሮስኮፕ። ዓይናችሁን ከማጣሪያው ጠርዝ ላይ አታንሡ። ወተት የመሰለው የባክቴሪያ ንጣፍ ተጠርጎ ጥርት ያለ ጎዳና ሲከፈት፣ ፊት ፊቱን የሚሄደው አሜባው ነው። ውስጡ ኮከብ የሚመስል፣ ባለ ሁለት ግድግዳ ሲስት (ሽፋን ለብሶ የተኛ አሜባ) ካያችሁ አካንታሜባ ነው። ሲስቱ ክብና ለስላሳ፣ አሜባውም እንደ ቀንድ አውጣ ተስቦ ግን ፈጣን ከሆነ ኔግለሪያን ጠርጥሩ፤ ከጠርዙ ቁራሽ አጋር በዲስቲልድ ውኃ ውስጥ አድርጋችሁ 37 ዲግሪ ላይ አቆዩና ከግማሽ ሰዓት ጀምሮ እያያችሁ እስከ አራት ሰዓት ጠብቁ። ሁለት ጭራ አውጥቶ መዋኘት ከጀመረ ኔግለሪያ ነው። ጭራ አላወጣም ማለት ግን ኔግለሪያ አይደለም ማለት አይደለም።

ቸኮላችሁ የምትሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በ44 የሚያድግ ኔግለሪያ ሁሉ ፎውለሪ አይደለም፤ ሎቫኒየንሲስ የተባለው ዘመዱ በዚያው ሙቀት ያድጋል፣ ሰው ግን አይጎዳም። የሚለያቸው ፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ የሚለይ ምርመራ) ነው። የወንዝ ጭቃ ደግሞ ፒሲአርን ያፍናል፤ ዲኤንኤውን አሥር እጥፍ አቅጥናችሁም ጎን ለጎን ሥሩ፣ ምርመራው አለመታፈኑን የሚያሳይ የውስጥ መቆጣጠሪያም ይኑረው። ባላሙቲያ የተባለውን ሌላ አሜባ በዚህ ሳህን አትጠብቁት፣ ባክቴሪያ በልቶ አያድግም።

ሪፖርቱ ላይ «አሜባ የለም» ብላችሁ አትጻፉ። እናት ልጇን ወደ ውኃው የምትልከው ይህን ቃል አምና ሊሆን ይችላል። የምትጽፉት «በዚህ ቀን፣ ከዚህ ቦታ፣ ውኃው ይህን ያህል ዲግሪ ሳለ በተወሰደና 150 ሚሊሊትር ብቻ በተጣራ ናሙና፣ በ44 ዲግሪ ለ14 ቀን ታይቶ አልተገኘም» ነው። በመካከሉ መብራት ለስድስት ሰዓት ጠፍቶ ከነበረ፣ እሱም ይጻፍ።