በሒሳብ ትምህርት ወደ እግር ኳስ ክለብ አመራር

ውድ ጠያቂያችን፣

የሒሳብ አያያዝ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ እንደሆኑ፣ ምኞትዎ ግን የአንድ ፕሮፌሽናል እግር ኳስ ክለብ ሥራ አስፈጻሚ መሆን እንደሆነ ጽፈውልናል። በክለብ ደረጃ ኳስ ተጫውተው ስለማያውቁም በሩ ዝግ እንዳይሆንብዎት ሰግተዋል። የጀመሩትን ትምህርት ትተው ወደ ስፖርት ማኔጅመንት መዛወር ይሻልዎት እንደሆነም ጠይቀዋል። እኔ የምመክርዎት እንዳይተዉት ነው፤ ምክንያቱን ለማስረዳት ግን በመጀመሪያ ስለ ሥራው ምንነት መነጋገር ይኖርብናል።

ሥራ አስፈጻሚ የሚለው መጠሪያ በክለቦች ዘንድ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይሸፍናል። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ለቦርዱ ተጠሪ ሆኖ የጨዋታ ዕለት ገቢን፣ የቴሌቪዥን መብትን፣ የስፖንሰር ውሎችን፣ ሠራተኛውንና ስታዲየሙን ያስተዳድራል። የስፖርት ዳይሬክተሩ ደግሞ የአሠልጣኝ ቅጥርን፣ የተጫዋቾች ምልመላን፣ ዝውውርንና የታዳጊ ቡድኖችን ይመራል። በሁለተኛው ወንበር ላይ ከሜዳ የመጡ ሰዎች በርካታ ናቸው፤ የስፔኑ ክለብ የሴቪያ ግብ ጠባቂ የነበረው ሞንቺ ክለቡ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን በወረደበት በ2000 እ.ኤ.አ. ኃላፊነቱን ተረክቦ፣ በ2017 እስኪለቅ ድረስ ክለቡ ዛሬ ዩሮፓ ሊግ የሚባለውን ዋንጫ አምስት ጊዜ አንሥቷል። ይሁን እንጂ የተጫዋችነት ዝና ብቸኛው መንገድ አይደለም። ማይክል ኤድዋርድስ በ2016 የሊቨርፑል የስፖርት ዳይሬክተር ለመሆን የበቃው በፖርትስማውዝ የጨዋታ ተንታኝ ሆኖ ከጀመረ በኋላ ነው። ካረን ብሬዲም በ1993 በበርሚንግሃም ሲቲ የሥራ አስኪያጅነቱን ወንበር ስትይዝ ዕድሜዋ 23 ዓመት ብቻ ነበር፤ ከዚያ በፊት የምትሠራው ማስታወቂያ መሸጥ ነበር።

እርስዎ አሁን የሚማሩት ትምህርት በዚህ ሥራ ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንዳለው በምሳሌ ላሳይዎት። አንድ ክለብ አንድን አጥቂ በ50 ሚሊዮን ዩሮ ገዝቶ የአምስት ዓመት ውል ቢያስፈርመው፣ የዝውውር ክፍያው በአንድ ጊዜ እንደ ወጪ አይመዘገብም፤ በውሉ ዘመን ተከፋፍሎ በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ዩሮ ይታሰባል። ክለቡ ከሁለት ዓመት በኋላ ተጫዋቹን በ35 ሚሊዮን ቢሸጠው ደጋፊው 15 ሚሊዮን እንደከሰረ ይቆጥራል፤ በመዝገቡ ላይ የቀረው ዋጋ ግን 30 ሚሊዮን ስለሆነ የተመዘገበው ውጤት የ5 ሚሊዮን ትርፍ ነው። ከክለቡ ታዳጊ ቡድን ያደገ ልጅ ደግሞ የግዢ ዋጋ ስለሌለው በ20 ሚሊዮን ቢሸጥ ገንዘቡ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ትርፍ ይሆናል። ክለቦች በገንዘብ ሲጨነቁ ደጋፊው እንደ ልጁ የሚያየውን ተጫዋች አስቀድመው ለገበያ የሚያወጡት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ይህ እኔንም ያሳዝነኛል፤ ሆኖም በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ስሌቱን በሚገባ ካልተረዳ ልጁን ለማቆየት የሚያስችል ሌላ አማራጭ ለቦርዱ ማቅረብ አይችልም።

ደንቦቹም ቢሆኑ ወደዚሁ አቅጣጫ እያመሩ ነው። የአውሮፓ እግር ኳስን የሚመራው ዩኤፋ በውድድሮቹ የሚሳተፉ ክለቦች ለተጫዋቾችና ለአሠልጣኝ ደመወዝ፣ ለዝውውር እንዲሁም ለወኪሎች የሚያወጡት ወጪ ከገቢያቸው ጋር እንዲመጣጠን ጣሪያ አበጅቷል፤ ጣሪያው በ2023/24 የውድድር ዘመን 90 በመቶ፣ በቀጣዩ 80 በመቶ፣ ከ2025/26 ጀምሮ ደግሞ 70 በመቶ ነው። እንግዲህ የአንድ ተጫዋች ግዢ የአሠልጣኙን ፍላጎት ከማሟላቱ አስቀድሞ በዚህ ጣሪያ ሥር መግባቱ መረጋገጥ አለበት፤ ያንን የሚያረጋግጠው ደግሞ እርስዎ የሚማሩትን ትምህርት የተማረ ሰው ነው።

ከመወሰንዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባ አንድ ከባድ ነገር አለ። ይህ ሥራ ዋስትና የለውም። ኦሊቨር ካን በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. ከባየርን ሙኒክ ዋና ሥራ አስፈጻሚነት የተሰናበተው ቡድኑ የሊጉን ዋንጫ ባነሣበት ዕለት ነው። በጥናት የተደገፈ ውሳኔ በአንድ ጉዳት ወይም በአንድ ፍጹም ቅጣት ምት ሊበላሽ ይችላል፤ ተጠያቂው ግን ውሉን የፈረመው ሰው ነው። ስለዚህ ከክለብ ውጭም የሚያስቀጥር ሙያ ይዞ መግባት ራስን መጠበቅ ነው፤ ትምህርትዎን እንዳይተዉ የምመክርበት ሁለተኛው ምክንያትም ይኸው ነው።

ስፖርት ማኔጅመንትን በተመለከተ፣ በኋላ በሁለተኛ ዲግሪ ቢማሩት ይጠቅምዎታል። ለምሳሌ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንግሊዝ፣ በጣሊያንና በስዊዘርላንድ ባሉ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው የፊፋ ማስተር ከሌሎች ሀገሮች ባለሙያዎች ጋር ያስተዋውቃል። ነገር ግን ጥቂት ዓመታት ሠርተው ቢገቡበት ከመምህራኑም ሆነ ከባልደረቦችዎ የሚያገኙት ጥቅም እጅግ ይበልጣል።

እስከዚያው በዚህ ዓመት ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ አለ። በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአንድ ሀገር ወደ ሌላ ሀገር ክለብ በክፍያ ሲዘዋወር፣ ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ተጫዋቹ መቼ እንደተመዘገበና መቼ እንደለቀቀ በሰነድ ማሳየት ያልቻለ ትንሽ ክለብ ግን ይህን ድርሻ ለማስከበር ይቸገራል። በአቅራቢያዎ ወዳለ፣ ታዳጊዎችን ወደሚያሠለጥን አንድ ክለብ ይሂዱና የተጫዋቾቹን የምዝገባ መዝገብና የገቢና ወጪ ሒሳቡን ያለ ክፍያም ቢሆን ለማደራጀት ይጠይቁ። በዚያ ሥራ ላይ የምዝገባ ደንብን፣ የውል አጻጻፍን፣ ከወላጆችና ከአሠልጣኞች ጋር መነጋገርን በአንድነት ይማራሉ፤ ወደ ትልቅ ክለብ ሲያመለክቱም የሚያሳዩት በእጅዎ የተሠራ ሥራ ይኖርዎታል። አንድ የውድድር ዘመን ከሠሩ በኋላ የትኛው ወንበር እንደሳበዎት ጽፈው ቢያሳውቁን ቀጣዩን እርምጃ አብረን እናቅዳለን።